ነጅዋን ያስታቀፍሽኝ ቀናት

ደሴ፣ ሐምሌ 9

ይህ ወረቀት ለጣውንቴ ነው።

አሰላሙ ዐለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጂርታ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ነጅዋስ? ያ የላይኛው ጥርሷ ወጣላት ወይስ አሁንም እያስለቀሰሽ ነው? አማታችን ጉልበታቸው ተሻላቸው? ቦርከና ሞልቷል ሲባል ሰማሁ፤ ከጨፋ የሚመጣው ወተት ተቋርጦባችሁ እንዳይሆን። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ነፍሴ አለች። ደሴ ብርድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የከሚሴን ሙቀት ስረግም የኖርኩ ሴትዮ ይኸው ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እግሬ አልሞቅ ብሎኛል።

ጣውንቴ ብላ ጀመረች ብለሽ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ስምሽን ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። በስምሽ ጠርቼሽ አላውቅማ። ሲከፋኝ "አንቺ" ነው የምልሽ፣ ደግ የሆንኩ ዕለት ደግሞ "የነጅዋ እናት"። ዛሬ ሲጨንቀኝ ጊዜ ስምሽን ባቆላምጠው ማስመሰል ይሆንብኛል።

ለምን አልደወልሽም ትይኝ ይሆናል። በስልክማ ባላችን ድምፁን ለግቢው ሁሉ ከፍቶ ነው የሚያወራው። ሙሀመድኑር ሚስጥር የሚጠብቀው በሬ ሲሸጥ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ጨርሰሻል፣ አንባቢ አትፈልጊም። ወንድሜ ሙሄ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ከሚሴ ሲወርድ በእጅሽ ይሰጥሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገ ጠዋት ሆዴን ይከፍቱታል። ፈርቻለሁ። አንቺ መቼ ደፍረሽ ታውቂያለሽ እንዳትይኝ፤ አይጥ ባየሁ ቁጥር ወንበር ላይ ስወጣ ስቀሽብኛል። ይሄ ግን ሌላ ነው። ነርሷ ጋሪ እየገፋች በኮሪደሩ ስትመጣ ለኔ ነው እያልኩ ላብ ያጠምቀኛል። ከጎኔ ካለው አልጋ ላይ አንዲት የሐይቅ ሴት ነበረች፤ እንደኔው ሆዷ ያበጠ። ሦስት ቀን አብረን ተሳሳቅን። ትናንት ጠዋት ወደ ኦፕራሲዮን ወሰዷት፤ ዛሬ ፍራሿን ጠቅልለው አልጋው ላይ አቁመውታል። የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኩም። መልሱን መስማት ስላልፈለግኩ ነው።

ልጅ የለም። ይኸው ጻፍኩት። ሙሀመድኑር ትናንት መጥቶ ከሐኪሟ አፍ ሰምቷል፤ ለእናቱ ቀስ ብሎ እንደሚነግራት ነግሮኝ ተመልሷል። እሱን ታውቂው የለ፣ ቀስ ብዬ ካለ ለዓረፋም አይደርስ። ስለዚህ በግቢያችን ከሱ ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ሰኔ ላይ በሴቶቹ የዱበርቲ ዱዓ ዕለት አዴ ረቢአ ሆዴን በቅቤ ሲያሹ እጃቸው በቀኝ በኩል ቆመ አልነበር? ስንቱን ልጅ የተቀበለ እጅ ነው፣ ዝም ብሎ አልቆመም። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው "አሚን" እያሉ እሳቸው ብቻ ዝም አሉ፤ ኋላ ግን ልጁ ወደ ጎን ተኝቷል ብለው አለፉት። እኔ ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። ጎኔን መውጋት ሲጀምረኝ ገበያ ሄድኩ ብዬ አንድ ክሊኒክ ገብቼ አልትራሳውንድ ታየሁ። ባለሙያው መሣሪያውን ሲያንሸራትት ቆየና የወር አበባሽ መቼ ነው የቀረው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ማህፀኔ ባዶ እንደሆነ፣ ከጎኑ ግን ትልቅ እብጠት እንዳለ፣ ከእንቁላል ማምረቻው የተነሳ ሊሆን ስለሚችል ሳልውል ሳላድር ደሴ መሄድ እንዳለብኝ ነገረኝ። ቤት ስገባ ልጁ ተጣሞ ነው ወደ ደሴ የላኩኝ አልኳችሁ። ወላሂ ምላሴ አልተያዘም።

እዚህ ያለችኝ ሐኪም ዶክተር ፊርደውስ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ግን አትቸኩልም። እጇ ማህፀኔንና እብጠቱን ለየብቻ አገኛቸው። ሲቲ ስካን ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ። ደሜ ውስጥ የለኩት ነገር ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ካንሰር ሲኖር ይጨምራል፣ ካንሰር ሳይኖርም ይጨምራል አለችኝ። ታዲያ ምኑን ለኩት? ግራ ሲገባኝ ጊዜ የጓንት ካርቶን ገልብጣ ሳለችልኝ። ማህፀንን ግራና ቀኝ ወጥሮ የሚይዝ እንደ መጋረጃ ያለ ስስ ሽፋን አለ፤ እብጠቱ በመጋረጃው መሃል ገብቶ ያደገ ይመስላታል። ማዮማ የሚሉት የማህፀን ዕጢ ከሆነ ክፉ አይደለም፤ ማዮማ ግን ብዙ ጊዜ ማህፀኑ ላይ እንጂ ከማህፀን ውጪ ሲበቅል ብርቅ ነው። ከእንቁላል ማምረቻው ከሆነ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ወደ ሽንት ቧንቧዬም ተጠግቷል። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም፣ አንዱን ንገሪኝ ብዬ እጇን ያዝኩት።

"እህቴ፣ አውጥቼ ሳላስመረምረው አይደለም ብዬ ልምልልሽ አልችልም" አለችኝ።

ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ እንኳ ስንቱን ዋሽቻለሁ።

ቀዩ ሻንጣ ከአልጋዬ ስር ነው። አልከፈትኩትም። ስወጣ አማታችን የነጅዋን ቢጫ ኮፍያ፣ ሁለቱን መታቀፊያና ያቺን ሚጢጢ ሹራብ አልጋ ላይ ደርድረው፣ ክተቺው ብለውሽ፣ አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ስትከቺ አይቻለሁ። ነገ ከሚቆርጠኝ ቢላ ይልቅ ያንን ሻንጣ እፈራዋለሁ። ልብሴን በፌስታል ካመጣሁት እየቀያየርኩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ስዞረው ቆየሁ። ሁሉም ሰው አላወቀችም፣ ሰውነቷ አታለላት ብሎ ያዝንልኛል። ሙሀመድኑር ራሱ ትናንት አይኑ እንባ አቅርሮ ነው የሄደው። አላታለለኝም። አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እውነት መስሎኝ ነበር፣ አላህ ያውቃል። አሥራ ሦስት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንቺ በመጣሽ በዓመትሽ ነጅዋን ታቀፍሽ፤ እኔ ግድግዳ ሆንኩ። ኅዳርና ታኅሣሥ አበባዬ ሲቀር፣ ሆዴም ገፋ ሲል፣ ለአማታችን ነገርኳቸው። እልል አሉ። "ኢንታላ ኮ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። በዚያ ቤት ልጄ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥር ላይ ደሙ መጣ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሆዴ ደግሞ ማደጉን አልተወም። አንዳንዷ ደም እያየችም ታረግዛለች ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ግን በኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም፤ ሦስታችንም በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው የምንሰግደው። ሴት ልጅ ሰባት ቀን ከሶላት ከቀረች ሐይድ ላይ፣ የወር ደሟ ላይ መሆኗን ሳትናገር ተናገረች ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ምን ብላ ትቀራለች? ስለዚህ አልቀረሁም። በደሜ ውዱእ ታጥቤ፣ በደሜ ከጎናችሁ ቆሜ ሰገድኩ። ጥርንም የካቲትንም። ረመዳን ላይ አማታችን አፍጥሪ፣ ላንቺ ተፈቅዷል ሲሉኝ እኔ ልበልጥ፣ በደሜ ቀናት እንኳ የማይቆጠርልኝን ጾም እየጾምኩ ጀግና ተባልኩ። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ስደፋ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር፤ ዝም ብዬ የናንተን መነሣት አደምጣለሁ። አሁን በዚህ አልጋ ላይ እያሰብኩት ያለሁት ይሄንኑ ነው። ነገ ሳልነቃ ብቀር፣ ቀብር ውስጥ ስለ ሶላቴ ስጠየቅ ምንድን ነው የምመልሰው? ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ቅጣቴ ቢሆንስ? ዶክተሯን ይሄን አልጠየቅኳትም፤ በሲቲ ስካን አይታይማ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከሽንት ቤቱ ኋላ ጨርቄን ስቀብር ደረስሽብኝ። ትዝ ይልሻል? የሞተች አይጥ ናት አልኩሽ። መቆፈሪያውን ከእጄ ተቀበልሽና "ነፍሰ ጡር አትቆፍርም" ብለሽ ራስሽ ደፈንሽው። አመነችኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እኔ ደግሞ የማማሽ ነገር ነበረኝ። ለሙሄ ሚስት ሳይቀር አምቼሻለሁ፣ አፉ በይኝ። ልክ አዛን ሲል ነጅዋን አምጥተሽ እቅፌ ላይ ጣል ታደርጊያታለሽ። "ታስቸግረኛለች፣ ያዥልኝ፤ እኔ ከእማማ ጋር ልስገድ፣ አንቺ ኋላ ትሰግጃለሽ" ትያለሽ። እኔም ልጅሽን ታቅፌ ከማንጎው ስር ስዞር፣ ታላቂቱን ሞግዚት አደረገችኝ፣ ይቺ የትናንት ልጅ እያልኩ ጥርሴን እነክስ ነበር። የነጅዋ ጭንቅላት ደረቴ ላይ ሲሞቀኝ ደግሞ ንዴቴ ይበርድና ይበልጥ ያናድደኛል።

የእናትሽን ነገር ሳልጽፍ ብሞት ግን አይቀናኝም።

ሚያዝያ ነው፣ እሑድ። ዙህር ተሰግዶ ምሳ ሳይቀርብ ከጨፋ ሮቢት ተደወለ፤ እናትሽ ታማለች፣ ነይ አሉሽ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አማታችን ወደኔ ዘወር ብለው አዩኝ፤ እሺ ብል ይለቁሽ ነበር። እኔ ግን ሆዴን ያዝኩ። አሞኛል አልኩ። እሳቸውም ነፍሰ ጡሯን ለማን ጥለሽ፣ ሙሀመድኑር ሐሙስ ከባቲ ሲመለስ ትሄጃለሽ አሉሽ። እናትሽ ረቡዕ ሞተች። አንቺ ስትደርሺ ቀብረው ተመልሰው ነበር።

አላመመኝም ነበር። ያን ቀን ምንም አላመመኝም። ውሃውን አንቺ ትቀጂ ነበር፣ እንጨቱን አንቺ፣ ልብሴን አንቺ፤ አንቺ ከሄድሽ ማን ይንከባከበኛል ብዬ ነው። መከበሩ ጣፍጦኝ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

እና አፉ በይኝ። አላህ የሰው ሐቅ ሲሆን ራሱን ሰውየውን አስማሙ ይላል፤ እኔ ከእናትሽ ጋር የምስማማበት መንገድ የለኝም፣ ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ከነገ ወዲያ ካልኖርኩ ጥቁሩ ሣጥን ውስጥ ያለው ልብስ የነጅዋ ይሁን። አላህ ያሳድጋት፣ እድሜ ይስጥሽ፣ እናትሽን በጀነት ያሳርፋት። ነርሷ መጣች።

ደሴ፣ ሐምሌ 26

ወረቀቱ እስካሁን አልደረሰሽም። ለሙሄ ስሰጠው ከሞትኩ ስጣት፣ ከተረፍኩ መልስልኝ ብዬው ነበር። ተረፍኩ፤ እሱም ቃሉን ጠብቆ መለሰልኝ። ሰው ሊሞት ሲል ደፋር ነው፤ ስድን ጊዜ ቀድጄ ልጥለው ነበር። ለምን እንዳልጣልኩት እነግርሻለሁ።

ኦፕራሲዮኑ አራት ሰዓት ፈጀ። ያወጡልኝ ነገር ትልቅ ጥቅል ጎመን ያህላል አለችኝ። እንቁላል ማምረቻዎቼ ንጹህ፣ ማህፀኔም በቦታው፤ የሽንት ቧንቧዬንም አላህ ጠበቀው። ገና ስነቃ ካንሰር ነው ወይ ነው ያልኳት። ለአይን ማዮማ እንደሚመስል፣ ነገር ግን ቁራጩ ወደ ፓቶሎጂ ሄዶ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ አፏን ሞልታ እንደማትናገር ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ጠብቂ። ከሆስፒታል ወጥቼ ሙሄ ቤት ተኛሁ። እነዚያን ሁለት ሳምንታት አልነግርሽም። ስልክ ሲጮህ እሞታለሁ፣ ሳይጮህ ሲውል ደብቀውኝ ነው እላለሁ። አንድ ቀን የሙሄ ሚስት ወጥ ቤት ስታለቅስ አየሁና ውጤቱን ነግረዋት ነው ብዬ ተዝለፈለፍኩ። ሽንኩርት እየከተፈች ኖሯል።

ትናንት ተጠራሁ። ዶክተር ፊርደውስ ወረቀቱን ይዛ ገና ከበር ስታየኝ እንዳልቆይ ብላ ነው መሰል ቆማ ነገረችኝ። "ማዮማ ነው። ካንሰር አይደለም።" ከማህፀኑ ቤት ወጥቶ ጎረቤት ላይ ጎጆ የቀለሰ ማዮማ፤ እሷ ራሷ በሥራ ዘመኗ ከሁለት በላይ አላየችም። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅ ልወልድ እችል ይሆን ብዬ ሳልጠይቃት ወጣሁ፤ ይሄን ሁሉ የጀመርኩት ለሱ ሆኖ ሳለ ረሳሁት። ስወጣ የሐይቋን ሴት ኮሪደሩ ላይ በራሷ እግር ስትሄድ አየኋት። ወደ ሌላ ክፍል አዛውረዋት ነበር እንጂ አልሞተችም። አቀፍኳትና ሁለታችንም አለቀስን።

ዛሬ ዕቃዬን ልሸክፍ ብዬ ቀዩን ሻንጣ ከፈትኩት። ያንን ቢጫ ኮፍያ አውጥቼ፣ አልቅሼ፣ ልመልሰው ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

ኮፍያ የለም። መታቀፊያ የለም። የልጅ ልብስ የሚባል አንድም የለበትም። ያለው የኔ ወፍራም ሹራብ ነው፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ ሰፊ የሌሊት ቀሚስ፣ ከሥሩ የታጠፈ መስገጃ። እግሬ ሲበርደኝ የሰነበተው ካልሲው ከአልጋዬ ስር ተቀምጦ ነው።

ሻንጣውን እንደከፈትኩ ሳልዘጋው ዋልኩ። አማታችን ዞር ሲሉ አውጥተሽው ነው። እና ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ እየተከታተለ መጣብኝ። አይጥ አይቼ ወንበር ላይ የምወጣ ሴት የሞተች አይጥ ልቀብር! አመነችኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ እኔ ነኝ እንጂ አንቺ መች ሞኝ ሆነሽ። ነጅዋን እቅፌ ላይ የምታስቀምጫት ሁልጊዜ አልነበረም። በጣቴ ቆጠርኩት። በመጋቢት ሰባት ቀን፣ በሚያዝያ ሰባት ቀን፣ በግንቦትም፣ በሰኔም። ከዚያ ውጪ ባሉት ቀናት ልጅሽን ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ትሰግጂ ነበር፤ አስቸግራሽ አታውቅም። ከመጋቢት ወዲህ በደሜ አንድም ረከዓ አልሰገድኩም። እኔ ሞግዚት አደረገችኝ ስል አንቺ ከአላህ ፊት እየጎተትሽ ታወጪኝ ኖሯል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ያ የሚያዝያው እሑድ፣ ከጨፋ ሮቢት የተደወለ ዕለት፣ ስልኩ ሲጮህ እኔ ከማንጎው ስር ነበርኩ። ነጅዋ እቅፌ ላይ ተኝታ ነበር። ለዙህር ሰጥተሽኝ ገና አልተቀበልሽኝም፤ ከሰባቱ ቀን አንዱ ነበር።

እና አሞኛል ስል አጠገቤ ቆመሽ ታዪኝ ነበር። ለአማታችን አንድ ቃል ብትናገሪ ከእናትሽ ትደርሺ ነበር። አልተናገርሽም። ነጅዋን ከእቅፌ ተቀብለሽ ወደ ውስጥ ገባሽ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም፤ ይሄንንም መልሱን ስለምፈራው ነው።

ለአማታችን አንቺ አትንገሪያቸው። ሙሀመድኑርም የጀመረውን ይተወው። ሁሉንም በኔ አፍ እነግራቸዋለሁ፣ ደሙንም ሶላቱንም የእሑዱንም። ግንባሬን የሳሙበትን ከንፈር ቢመልሱት መብታቸው ነው። እፈራለሁ፤ ካንሰሩን ከፈራሁት እኩል ነው የምፈራው። ግን እመጣለሁ።

አላህ ነጅዋን ያኑርልሽ፤ ለእናትሽ ቀብሯን ያስፋላት፤ የእናት እጅ ያጣሽበትን ቀን በሌላ ደስታ ይካስሽ። መልስ አትጻፊልኝ። ዓርብ ከዙህር በፊት ሙሄ ያደርሰኛል። ስገባ ነጅዋን አታስታቅፊኝ። እሷን ለአማታችን ስጪያትና አንቺ ምንጣፉ ላይ ጠጋ በይልኝ። ቁስሌ ስላልሻረ ከጎንሽ ተቀምጬ ነው የምሰግደው።

እህቴ ካልሽኝ እህትሽ፣ ካላልሽኝም
ጣውንትሽ